አፑ ተሠርቶ አልቋል፤ ልጆቹ ግን አሁንም ወረቀት ላይ ይጽፋሉ። ምን ይሻላል?

ኦፕሬሽን_ሜክሲኮ

ሰላም ለሁላችሁ። ዋና ቢሮው ሜክሲኮ አደባባይ አካባቢ በሆነ ትልቅ አከፋፋይ ድርጅት ውስጥ የኦፕሬሽን ቡድን መሪ ነኝ። የድርጅቱን ስም ልለፈው። ሥራችን ዘይት፣ ሳሙና፣ ዱቄት፣ ፓስታና የመሳሰለውን ለጅምላና ለችርቻሮ ሱቆች ማድረስ ነው። የሽያጭ ልጆቻችን በየቀኑ መርካቶ፣ ፒያሳ፣ ለገሃር፣ ካዛንቺስ፣ እስከ ኡራኤል ድረስ በእግርና በታክሲ እየዞሩ ትዕዛዝ ይቀበላሉ።

አምና ለእነሱ የሞባይል አፕ ተሠራ። ሐሳቡ ቀላል ነበር። ልጁ ሱቅ ውስጥ ቆሞ ትዕዛዙን ስልኩ ላይ ይመዘግባል፣ መጋዘን ወዲያው ያየዋል፣ ጠዋት መኪናው ይጫናል። ምረቃው ደማቅ ነበር። ኃላፊዎች ተገኙ፣ ቲሸርት ታደለ፣ ግማሽ ቀን ሥልጠና ተሰጠ።

አሁን የሚሆነውን ልንገራችሁ። ልጆቹ ቀኑን ሙሉ እንደ ድሮው በሦስት ኮፒ በሚቆረጠው ፓድ ላይ ይጽፋሉ። መሃል ላይ ፎቶ አንስተው ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ይለጥፋሉ። መጋዘኑ መኪና የሚጭነው እሱን እያየ ነው። ማታ ደክሟቸው ሲመለሱ ደግሞ የቀኑን ትዕዛዝ ሁሉ እንደገና አፑ ላይ ይሞላሉ፤ የወር ሪፖርታቸው ላይ «የአፕ አጠቃቀም» የሚል መለኪያ ስላለ ነው። ቤቷ ገብታ ልጇን እያስተኛች የምትሞላ አለች። ዳሽቦርዱን፣ ማለትም የአፑን ማጠቃለያ ገጽ፣ ላየው ሰው ፕሮጀክቱ ተሳክቷል፤ ሁሉም አረንጓዴ ነው። የትዕዛዞቹን ሰዓት ስታዩ ግን አብዛኞቹ የተመዘገቡት ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ነው። በዚያ ሰዓት ጅምላ ሻጩ ዘግቶ ቤቱ ገብቷል።

አለቆቼ «ሠራተኛው ለውጥ ይፈራል፣ ሥልጠናው ይደገም» ይላሉ። አይቲ ክፍሉ «ሲስተሙ ይሠራል፣ ችግሩ ከተጠቃሚው ነው» ይላል። እኔ ከልጆቹ ጋር ስለምውል ሰነፎች እንዳልሆኑ አውቃለሁ። እነዚሁ ልጆች ቴሌብርንም የባንክ አፕንም ማንም ሳያሠለጥናቸው ነው የለመዱት።

ሌላም አለ። ልጁ ሱቁ ከተመዘገበበት ቦታ ትንሽ ከራቀ አፑ ትዕዛዝ አይቀበልም። ለቁጥጥር ተብሎ የገባ ነው። በኮሪደር ልማቱ ምክንያት ግን ከፒያሳና ከካዛንቺስ የተነሱ ብዙ ደንበኞች አሉን። ሰውየው ሌላ ቦታ ሱቅ ከፍቶ እየሠራ ነው፤ አፑ ውስጥ ግን አሁንም የፈረሰው ቤት ውስጥ ነው ያለው። ቦታው እንዲቀየር ለዋናው ቢሮ ደብዳቤ መጻፍ ያስፈልጋል።

አሁን ሁለተኛ ዙር በጀት ሊጠየቅ ነው። የእኔንም አስተያየት በጽሑፍ ፈልገዋል። ትልቅ ድርጅት ውስጥ እንዲህ ያለ ሥራ ሲሳካ ያየ ካለ ምን ስለተደረገ እንደተሳካ ይንገረኝ። ሌላ አፕ ከማሠራታችን በፊት ምን እናስተካክል? ልጆቹን የሚያሳርፍ መልስ ይዤ ስብሰባው ላይ መግባት እፈልጋለሁ።

የውስጥ_ኦዲት

እህቴ፣ ሰንጋ ተራ አካባቢ ያለ ትልቅ መሥሪያ ቤት ውስጥ በውስጥ ኦዲት ነው የምሠራው። ጽሑፍሽን ሳነብ አንድ ጥያቄ መጣብኝ። ልጆቹ ፓዱን እንዲያቆሙ ማን በጽሑፍ ነገራቸው?

ማንም እንዳልነገራቸው እገምታለሁ። አፑን ጀምሩ ተብለዋል፤ ፓዱን አቁሙ አልተባሉም። ፓዱ ደግሞ ተራ ወረቀት አይደለም። ተከታታይ ቁጥር አለው። ልጁ ፈርሞ ይረከበዋል፣ ሲጨርስ ቅጠሉ ተቆጥሮ ይመልሳል። አንድ ቅጠል ብትጎድል የሚጠየቀው እሱ ነው። አፑን ባይሞላ ስብሰባ ላይ ይወቀሳል። ፓዱን ባይቆርጥ ግን ዕዳ ሊሆንበት ይችላል። ማንም ልብ ያለው ሰው ፓዱን ያስቀድማል። እኔም ብሆን አስቀድማለሁ።

ስለዚህ ሁለተኛ ዙር በጀት ከመጠየቃችሁ በፊት ሦስቱን ኮፒዎች ተከታተያቸው። በአካል ሄደሽ ማለቴ ነው። ነጩ ፋይናንስ ይገባል። ማን ይቀበለዋል? ከምን ጋር ያመሳክረዋል? የት ፋይል ይደረጋል? ቢጫው መጋዘን ይሄዳል፤ እዚያስ ማን ይፈርምበታል? ሦስተኛው ደንበኛው ጋ ይቀራል፤ ደንበኛው ምን ያደርግበታል? የእያንዳንዱን ኮፒ አንባቢ አግኝተሽ «ይህ ወረቀት ነገ ባይመጣ ሥራህ የት ላይ ይቆማል?» ብለሽ ጠይቂ። የሚሰጡሽ መልስ የፕሮጀክቱ ዕቅድ ይሆናል። ብዙ ጊዜ አፕ የሚያሠሩ ሰዎች የሚያነጋግሩት ወረቀቱን የሚጽፈውን ብቻ ነው። የሚያነበውን ማንም አያነጋግረውም።

ፋይናንስ ጋ ስትሄጂ አንድ ነገር ትሰሚያለሽ፤ «ኦዲት ወረቀት ይጠይቀናል»። ይህን ሰበብ በየቢሮው እሰማዋለሁ፣ ያሳዝነኛልም። እኛ የምንጠይቀው ማስረጃ ነው። ማን መዘገበው፣ መቼ፣ በኋላ ተቀይሮ ከሆነ ማን ቀየረው፣ ከምን ወደ ምን? የተሰረዘ ትዕዛዝ ከነምክንያቱ መዝገቡ ላይ ይቆያል ወይስ ይጠፋል? ቁጥሩ ሳይዘል ይከተላል? እኛስ ማንንም ሳንጠይቅ ገብተን ማየት እንችላለን? ለእነዚህ መልስ ያለው ሲስተም ካርቦን ከተደረገበት ወረቀት በብዙ ይሻለናል። ወረቀትማ ሲጠፋ አይተናል፣ ዝናብ ሲያበላሸውም አይተናል።

ሕጉም አያግዳችሁም። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 አንድ መረጃ በኤሌክትሮኒክ መልክ ስለሆነ ብቻ ሕጋዊ ውጤት እንዳይነፈግ ይላል። የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ደግሞ ከዚያም በፊት ወጥቷል፤ ቁጥር 1072/2010 ነው። አንድ ነገር ብቻ ለዪ። በግብር ሕግ የሚቆረጠው የሽያጭ ደረሰኝ ሌላ ነው፤ እሱን በአፕ ትዕዛዝ መተካት አይቻልም። የእናንተ ባለ ሦስት ኮፒ ፓድ ግን የውስጥ የትዕዛዝ ቅጽ ነው። የፈጠረው የራሳችሁ የፋይናንስ መመሪያ ነው፤ ሊሽረውም ይችላል።

እኛ ቤት የተሳካውን ልንገርሽ። የቋሚ ንብረት ቆጠራ ወደ ስልክ ተዛወረ። ወንበሩና ኮምፒውተሩ ላይ ያለው ባርኮድ በስልክ ካሜራ ይነበባል፣ በቃ። ጨረታው ከመውጣቱ በፊት እኛ ኦዲቶች ተጠርተን «ምን ካላያችሁ አትቀበሉም?» ተባልን። ያልነው ሁሉ ጨረታ ሰነዱ ውስጥ ገባ። የፋይናንስ መመሪያው አንድ አንቀጽ በማኔጅመንት ተሻሻለ። ከዚያ ዋና ሥራ አስኪያጁ የፈረመበት ሰርኩላር ወጣ፤ ከዚህ ቀን ጀምሮ የቆጠራ ቅጹ ተቀባይነት የለውም የሚል። የታተሙት ቅጾች ከየክፍሉ ተሰብስበው ወደ ግምጃ ቤት ተመለሱ። ሰዎች የመሰብሰቡን ነገር እንደ ትንሽ ያዩታል። እኔ ግን ፕሮጀክቱን ያዳነው እሱ ነው እላለሁ። ቅጹ መሳቢያ ውስጥ ካለ ሰው የመጀመሪያዋ ችግር ስትመጣ ወደ እሱ ይመለሳል።

ጊዜውንም አስቢበት። ሰኔ ላይ እንዳትጀምሩ። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ሲዘጋ ፋይናንስም መጋዘንም በሒሳብ መዝጊያና በቆጠራ ይወጠራሉ፤ ማንም አዲስ ነገር የሚሰማበት ጆሮ የለውም። እኛ ሙከራውን የጀመርነው ከገና በኋላ፣ በአንድ ፎቅ ብቻ ነበር።

«የአፕ አጠቃቀም» የሚለውን መለኪያ ደግሞ ዛሬውኑ አስወጪው። ልጆቹን ማታ የሚያስቀምጣቸው እሱ ነው። በምትኩ ትዕዛዙ ከተሰጠ እስኪጫን ስንት ሰዓት ፈጀ፣ በስህተት ተጭኖ የተመለሰ ዕቃ ስንት ነው የሚለው ይለካ።

ሴልስ_መርካቶ

ኦዲት ያሉትን አንብቤ ደስ አለኝ። እኔ የእናንተው ዓይነት ሥራ ላይ ነኝ፣ ሌላ ድርጅት ነው። ስለ ሦስተኛዋ ኮፒ ልናገር። እኛ ጋ ሮዝ ናት።

ደንበኛው ሮዟን ምን ያደርግባታል ለተባለው፣ ሚስማር ላይ ይሰካታል። ዕቃው ሲመጣ አውርዶ ያመሳክርባታል። ሃምሳ ካርቶን አዞ አርባ ሲመጣለት «ይኸው ፈርመህልኛል» የሚለኝ በእሷ ነው። እኔ ስልኬ ላይ ነካክቼ «አልቋል ጋሼ፣ ተመዝግቧል» ብለው ምን ይዞ ያምነኛል? ስልኩ የኔ፣ አፑ የድርጅቱ። እሱ እጅ የቀረ ነገር የለም። «ለማንኛውም ወረቀቱን ቁረጥልኝ» ይላል። እውነቱን ነው።

ቴሌብር ግንቦት 2013 ሲጀመር የኛ ሽማግሌ ነጋዴዎች ይቀበሉታል ብዬ አላሰብኩም ነበር። የተቀበሉት ገንዘቡ ሲገባ የራሳቸው ስልክ ጢን ስለሚል ነው። መልዕክቱን አንብበው፣ መጠኑን አይተው፣ ዕቃውን ይሰጣሉ። የእኛ አፕም ኋላ ላይ እንደዚያ ተደረገ። ትዕዛዙን ስልከው ደንበኛው ስልክ ላይ በአማርኛ አጭር መልዕክት ይደርሰዋል፤ የትዕዛዝ ቁጥር፣ ዕቃው፣ ብዛቱ፣ ዋጋው፣ የሚደርስበት ቀን። ስማርት ስልክ ባይኖረውም ይደርሰዋል። ከዚያ በኋላ ሮዟን የሚጠይቀኝ ሰው እየቀነሰ መጣ። አሁን መልዕክቱ ሲዘገይ ራሳቸው «አልመጣልኝም እኮ» ይሉኛል።

አንድ ሌላ ነገር። አፑን ስታሠሩ ከኛ አንድ ሰው ውሰዱ፣ ሱፐርቫይዘር ሳይሆን የሚዞር ሰው። ቢሮ ጠርታችሁ ሳይሆን እናንተ ኑ። ምዕራብ ሆቴል አካባቢ ጠዋት 4 ሰዓት ላይ አንድ ጅምላ ሻጭ ጋ ከእኔ ጋር ቁሙ። ተሸካሚው እየገፋህ፣ ባለሱቁ ከሌላ ሰው ጋር እያወራ ትዕዛዝ ይነግርሃል። ሦስት ገጽ እየገለበጥክ የምትሞላው ነገር እዚያ አይሠራም። ዘወትር የሚያዘውን አስቀድሞ የሚያወጣልኝ፣ ብዛቱን ብቻ የምቀይርበት ከሆነ ከፓዱም እፈጥናለሁ። ከፓዱ ካልፈጠነ ግን ለምን እይዘዋለሁ?

ኮደር_አራት_ኪሎ

እንዲህ ያሉ አፖችን ከሚሠሩት አንዱ ነኝ። ኦፕሬሽን፣ ሁለተኛው ዙር ላይ ጨረታ ሰነዱ ውስጥ ብታስገቢያቸው የምመኛቸው ነገሮች አሉ። ሠሪው ካልተጠየቀ አይሠራቸውም፤ ተፎካካሪው በዋጋ ስለሚቀድመው።

ከሁሉ በፊት ኔትወርክ። መሃል አዲስ አበባ ስለሆነ ኔትወርክ አለ ብለው የሚያስቡ ሰዎች ምድር ቤት ያለ መጋዘን ውስጥ ገብተው አያውቁም። የመርካቶ ሕንፃዎች ውስጥ፣ በተለይ መሃል ያሉት ሱቆች፣ ስልኩ ኔትወርክ እያሳየ እንኳ ዳታው አይንቀሳቀስም። አፑ ያለ ኢንተርኔት ሙሉ በሙሉ መሥራት አለበት። ዕቃው፣ ዋጋው፣ የደንበኛው ዝርዝር ስልኩ ላይ ይቀመጣል፤ ትዕዛዙም መጀመሪያ እዚያው ይቀመጥና መስመር ሲገኝ ይላካል። ልጁ «ተልኳል» እና «ገና አልተላከም» የሚለውን በግልጽ ማየት አለበት። የሚሽከረከር ክብ እያየ ሱቅ በር ላይ መቆም የለበትም።

እዚህ ላይ አንድ ስህተት በብዛት አያለሁ። መስመሩ መሃል ላይ ሲቆረጥ አፑ ትዕዛዙን ደግሞ ይልከዋል፣ ሰርቨሩም (ትዕዛዙን የሚቀበለው ዋና ኮምፒውተር) ሁለት ትዕዛዝ ነው ብሎ ይቀበለዋል። ደንበኛው ዕጥፍ ዕቃ ይጫንለታል። መፍትሔው ከባድ አይደለም። እያንዳንዱ ትዕዛዝ ገና ስልኩ ላይ ሲፈጠር የማይደገም መለያ ይሰጠዋል። ሰርቨሩ ያንን መለያ ሁለተኛ ጊዜ ካየው «ደርሶኛል» ብሎ ይመልሳል እንጂ እንደ አዲስ አይመዘግበውም። ርክክብ ላይ ይህን ራስሽ ፈትኚው። እየላክሽ መሃል ላይ ዳታውን አጥፊ፣ እንደገና አብሪ፣ ከዚያ መጋዘኑ ስንት እንዳየ ጠይቂ።

ቀኑና ሰዓቱም አለ። ከውጭ ተገዝቶ የተተረጎመ አፕ ከሆነ እዚህ ላይ ነው የሚያጣላችሁ። ደንበኛው «በ3 ሰዓት አድርሱልኝ» ሲል ጠዋት ነው። ሲስተሙ ላይ 3:00 ተብሎ ከገባ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ይሆናል። የሽያጭ ዒላማችሁ በሐምሌ ይቆጠራል፣ ሪፖርቱ ግን በጁላይ ይወጣል፤ ሐምሌ 1 ጁላይ 8 ላይ ስለሚውል ቁጥሩ መቼም አይገጥምም። ልጁ ኮሚሽኑ የተበላ ይመስለዋል። ሰርቨሩ በፈለገው አቆጣጠር ያስቀምጥ፣ ለሰው የሚታየው ግን በእኛ ይሁን። ጳጉሜንም አስፈትኚ። በ2015 6 ቀን ነበራት፣ በ2019ም 6 ናት፤ በመካከላቸው ባሉት ዓመታት 5። ይህን ያላሰበ ፕሮግራም ዓመቱ ሲለወጥ ወይ አንድ ቀን ይዘላል ወይ ይቆማል።

ስም ፍለጋው ቀላል ይመስላል ግን በየቀኑ ያናድዳል። አንዱ ጸሐፊ ኃይሉ ብሎ መዘገበ፣ ሌላው ሀይሉ፣ ሌላው ሐይሉ። ልጁ ፈልጎ ያጣዋል፣ እንደ አዲስ ደንበኛ ይመዘግበዋል፣ የዱቤ ጣሪያው ለሁለት ይከፈላል። ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ በፍለጋ ጊዜ እንደ አንድ መታየት አለባቸው። ስሙ ሲታይ ሰውየው እንደጻፈው ይታይ፤ ፍለጋው ብቻ ያመሳስል።

የቦታውን ቁጥጥር በተመለከተ እኔ በጣም እቃወመዋለሁ። ጂፒኤስ ሕንፃ ውስጥ በቀላሉ በብዙ ሜትር ይሳሳታል። አፑ ትዕዛዝ መከልከል የለበትም። ይቀበል፤ ቦታው ካልገጠመ ምልክት ያድርግበት፤ «ሱቁ ተዛውሯል» የሚል ቁልፍም ይኑር። ልጁ አዲሱን ቦታ እዚያው ቆሞ ይመዘግባል፣ ሱፐርቫይዘሩ በማግሥቱ ያጸድቃል። አድራሻውም ላይ የመንገድ ስም ግዴታ አታድርጉት። «ከመስጊዱ ጀርባ፣ ከብረታ ብረት ተራ ፊት ለፊት» ብሎ የሚጻፍበት ቦታ ይሰጠው።

ስቶር_ጎተራ

አጭር ነገር ልጨምር። መጋዘን ነው የምሠራው። ቢጫዋን እኛ የምንፈልጋት ለመጫን ብቻ አልነበረም። ዕቃ ስናወጣ የወጪ ሰነዱ ጀርባ ላይ ትያያዝ ነበር፤ መንግሥት ቤት ቢሆን ሞዴል 22 ላይ እንደማለት ነው። እሱ በአፕ በመተካቱ ደስ ብሎኛል።

ግን ጥበቃውን አትርሱት። በር ላይ ያለው ሰው መኪናውን የሚያስወጣው ማህተም ያለው ወረቀት ሲያይ ነው። ሥራው ነው፣ ተጠያቂነት አለበት። እኛ ጋ ሁሉም ነገር በአፕ ሆኖ የመጀመሪያው ቀን መኪናዎቹ በር ላይ ተሰለፉ። ጥበቃውን ማንም አላናገረውም። ወረቀት ታትሞ ማህተም እስኪመታ ረፈደ። በኋላ ለጥበቃዎቹ አንድ ስልክ ተሰጣቸው። የታርጋ ቁጥሩን ሲያስገቡ የተፈቀደው ጭነት ዝርዝር ይወጣላቸዋል፣ አይተው ያሳልፋሉ፣ ስማቸውም ይመዘገባል። አሁን ከድሮው የበለጠ ነው የሚቆጣጠሩት።

ኦፕሬሽን_ሜክሲኮ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ኦዲት እንዳሉኝ ኮፒዎቹን ተከትዬ ሄድኩ።

ፋይናንስ ጋ ያለችው ልጅ ነጩን ትቀበልና ከአፑ ሪፖርት ጋር አንድ በአንድ ታመሳክራለች። ሁለቱን የጻፈው ያው ልጅ ነው፣ ስለዚህ የምታገኘው የማታ ድካም ስህተት ብቻ ነው። «ነጩ ባይመጣ ምን ይቆምብሻል?» ብላት ትንሽ አሰበችና «ምንም፣ ግን መመሪያው ላይ አለ» አለችኝ። መመሪያውን አውጥተን አየነው። «የተፈረመበት የትዕዛዝ ቅጽ» የሚል አንድ መስመር ነው። እሷም እንደኔው ደክሟታል። የእኛ የውስጥ ኦዲት ኃላፊ ደግሞ ስለ አፑ የሰሙት ምረቃው ላይ ነው።

በጽሑፍ የማቀርበውን ወስኛለሁ። ሁለተኛው ዙር አዲስ አፕ መሆን የለበትም። መመሪያው ይሻሻል፣ ለደንበኛው አጭር መልዕክት ይላክ፣ በሩ ላይ ስልክ ይኑር፣ የቦታ ክልከላው ይነሳ። ሙከራውን በለገሃር መስመር ብቻ እንጀምር፤ በዚያ መስመር ፓዶቹ ይሰብሰቡ። የፕሮጀክቱ ባለቤትም ከአይቲ ወደ ሽያጭ ኃላፊው ይዛወር፤ ፓዱን ማስቆም የሚችለው እሱ ነው እንጂ አይቲ አይደለም።

አንድ የቀረኝ ጥያቄ አለ። ልጆቹ የሚጠቀሙት በራሳቸው ስልክ ነው። አፑ ቀኑን ሙሉ የት እንዳሉ ይመዘግባል። አንዷ «እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስሄድም ያየኛል?» ብላ ጠየቀችኝ። መልስ አልነበረኝም።

አይቲ_ስታዲየም

እህት፣ ልጅቷ ልክ ነች፤ መልስ ይገባታል።

የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። አንድ ሰው የት እንዳለ የሚያሳይ መረጃ የግል መረጃ ነው። ለታወቀ ዓላማ፣ ለዓላማው በሚበቃው መጠን ብቻ ይሰበሰባል። የእናንተ ዓላማ ትዕዛዙ ሱቅ ላይ መወሰዱን ማወቅ ከሆነ ትዕዛዙ በሚቀመጥባት ቅጽበት አንድ ጊዜ ቦታውን መውሰድ ይበቃል። ቀኑን ሙሉ መከታተልን ዓላማው አይጠይቀውም፤ እሑድን ጭራሽ። ባትሪም የሚጨርሰው እሱ ነው። ምን እንደሚሰበሰብ፣ ማን እንደሚያየው፣ መቼ እንደሚጠፋ በአንድ ገጽ በአማርኛ ጽፋችሁ ለልጆቹ ስጡ። ሕግ ክፍላችሁ ይየው።

ከተቻለ ድርጅቱ ስልክ ይግዛ። ውድ መሆን የለበትም፤ ግን ከመግዛታችሁ በፊት አፑን በዚያው ሞዴል ላይ ቀኑን ሙሉ አዙሩት። አንዳንድ ስልኮች ባትሪ ለመቆጠብ ብለው ከጀርባ የሚሠራውን አፕ ይዘጉታል፣ ትዕዛዙም ሳይላክ ይቀራል። ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ ለአፑ መፍቀድ ያስፈልጋል። ሁለት ሲም የሚይዝ ቢሆን ጥሩ ነው፤ የአንዱ መስመር ሲደክም በሌላው ይልካሉ።

በጀቱ ካልፈቀደና በራሳቸው ስልክ ከቀጠሉ ወርክ ፕሮፋይል የሚባለውን ተጠቀሙ። አንድሮይድ ላይ ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ። የሥራው አፕ በተለየ ክፍል ይቀመጣል። ልጁ ሥራ ቢለቅ ወይም ስልኩ ቢሰረቅ እናንተ የምታጠፉት የሥራውን ክፍል ብቻ ነው፤ የልጆቹን ፎቶ አትነኩም፣ አታዩትምም። ማታና እሑድ ልጁ ራሱ የሥራውን ክፍል ሊያጠፋው ይችላል። ይህን ለልጅቷ ስልኩ ላይ አሳያት፤ በቃል ከምትነግሪያት ይሻላል።

የዳታ ፓኬጁን ድርጅቱ ይክፈል። ይህን የሚረሱ ድርጅቶች አሉ፤ ልጁ ከኪሱ ካርድ ሞልቶ የድርጅቱን ትዕዛዝ እንዲልክ ይጠበቃል። አይሆንም። ፓወር ባንክም ስጧቸው። ለገሃር ላይ ስትጀምሩ ደግሞ አንድ ቻርጅ የተደረገ፣ አፑ የተጫነበት ትርፍ ስልክ ሱፐርቫይዘሩ ቦርሳ ውስጥ ይኑር። የአንዱ ስልክ ሲሰበር ወይም ሲሰረቅ በአንድ ሰዓት ውስጥ ተተክቶለት ሥራውን ይቀጥላል። ስልክ የሚያነሳ የአይቲ ሰውም ይመደብ፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ጀምሮ። የእኛ አይቲዎች ከ3 በፊት ቢሮ አይገኙም ነበር፤ ሴልሶቹ ግን የቀኑን ዋና ትዕዛዝ የሚወስዱት ያኔ ነበር። ፈረቃ አስተካከልን፣ ቅሬታው ቀነሰ።

ኦፕሬሽን_ሜክሲኮ

ትርፍ ስልኩንና የጠዋት ፈረቃውን ዕቅዱ ውስጥ አስገብቻቸዋለሁ። ልጅቷንም ነገ ጠዋት አገኛታለሁ። ሴልስ መርካቶ፣ ያ የአማርኛ መልዕክት እንዴት ተደርጎ እንደተጻፈ አንዱን ናሙና የደንበኛውን ስም አጥፍተህ ብትልክልኝ ትልቅ ውለታ ነው።